ዋስ የተጠራለት ታብሌት

«ለወረዳችን ነዋሪዎች በሙሉ። በቤተ መጻሕፍታችን የሕጻናት ንባብ ክፍል፣ በስተግራ ግድግዳ ላይ የሚገኘው የኤሌክትሪክ ሶኬት ከሚያዝያ 4 ቀን ጀምሮ አገልግሎት መስጠት የጀመረ መሆኑን በታላቅ ደስታ እንገልጻለን። ግልባጭ፦ ለወረዳው ሥራ አስፈጻሚ ጽሕፈት ቤት፣ ለመዝገብ ቤት፣ ለጥበቃ ክፍል፣ ለሚመለከተው ሁሉ።»

ማስታወቂያው ራስጌው ላይ አንድ ማህተም፣ ግርጌው ላይ አንድ ማህተም፣ ወገቡ ላይ ደግሞ ማን እንደመታው ያልታወቀ ሦስተኛ ማህተም አርፎበታል። የፈረመው የንብረት ክፍል ኃላፊው ካሳሁን ነው። ከአቃቂ በሰቃ እስከ ሳሪስ አቦ ድረስ በዜናው የተደሰተ ሰው ስለመኖሩ የደረሰን ማስረጃ የለም።

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ አሰጋሽ ወረቀቱን በሩ ላይ እየለጠፈች ሁለት ጊዜ አነበበችው። እዚህ ከተቀጠረች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሶኬቱ ከተበላሸ አሥራ አንድ ዓመቱ። በአገልግሎት ዘመን ይቀድማታል። እሷ ሥራ ስትጀምር ደስታውን የገለጸ መሥሪያ ቤት አልነበረም፤ ለማንም ግልባጭ አልተደረገም።

ሶኬቱ የተሠራው ለታብሌት ተብሎ ነው። አንድ የውጭ በጎ አድራጎት ድርጅት ትምህርት ቤት ላልገቡ ሕጻናት ፊደል የሚያስለምዱ አሥራ ሁለት ታብሌቶች ሰጠ። ታብሌት ሲመጣ ክፍል አስፈለገ። ክፍል ሲፈለግ ደግሞ በግቢው ውስጥ ከአንድ በቀር ባዶ ሊሆን የሚችል አልተገኘም፤ እሱም ለሃያ ዓመት የወረዳው የፕላስቲክ ወንበሮች ማከማቻ የነበረው ነው። ሦስት መቶ አሥር ወንበሮች ወጥተው ግቢው ጥግ ሸራ ለበሱ። ካሳሁን በየጠዋቱ በሸራው በኩል ሲያልፍ ቆም ይላል፤ ሸራውን ገለጥ አድርጎ ያያል፤ መልሶ ይሸፍናል። ላየው ሰው ዘመዱን ሆስፒታል ያስተኛ ይመስላል።

«ይቺ ክፍል አንድ ቀን ለባለቤቷ ትመለሳለች» አላት ክፍሉን ባስረከባት ዕለት።

«ባለቤቷ ማን ነው?»

«ወንበሩ ነዋ!»

ካሳሁን ሲስማሙ አንቺ፣ ሲጣሉ እርስዎ ይላታል። ከሚያዝያ ወዲህ እርስዎ ሆናለች።

አሰጋሽ ታብሌት ኖረ አልኖረ ግድ አልነበራትም። ክፍሉን ግን አጥብቃ ፈልጋዋለች። ከዚያ በፊት ለስድስት ዓመት ያህል የሠፈሩን ሕጻናት ቅዳሜ ቅዳሜ እየሰበሰበች የምታስነብበው መግቢያው ደረጃ ላይ ነበር። ባለጉዳይ በመጣ ቁጥር ልጆቹ ብድግ ይላሉ፤ ባለጉዳይ ካለፈ በኋላ ቁጭ ይላሉ፤ አንዲት ገጽ ሳያልቅ አራት ጊዜ ብድግ፣ አራት ጊዜ ቁጭ። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ንባቡ ጭራሽ ይቀራል። አሁን ጣሪያ አለ፣ ግድግዳ አለ፣ የሚሠራ ሶኬትም አለ። ይህችን ክፍል ካጣች ክረምቱ ሊገባ ነውና ልጆቹን የምታስቀምጥበት እንደሌላት ታውቃለች። ስለዚህ ታብሌቱ ይኑርላት።

ታብሌቱን ለልጆቹ ልትሰጥ ስትል ግን ካሳሁን ቅጽ ይዞ መጣ።

«ንብረት ያለ ዋስ ሰው እጅ አይገባም።»

«አቶ ካሳሁን፣ የአምስትና የስድስት ዓመት ልጆች ናቸው እኮ!»

«ለዚህ አይደለም ወይ ዋስ የሚያስፈልገው? ትልቅ ሰው ቢሆንማ ራሱ ይጠየቅ ነበር።»

ቅጹ ባለ ሦስት ገጽ ነበር። ተረካቢው ሕጻን መፈረም ስለማይችል የአውራ ጣት አሻራ ያኖራል። ዋሱ ቋሚ ደመወዝተኛ ወይም የታደሰ ንግድ ፈቃድ ያለው ይሆናል፤ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ያቀርባል። የመጨረሻው አንቀጽ ደግሞ ንብረቱ በተረካቢው እጅ እስካለ ድረስ ዋሱ ከተረካቢው አጠገብ ሊለይ እንደማይችል ይደነግጋል። ሰው ለሹፌርነት ሲቀጠር የሚጠራው ዋስ እንኳ እንዲህ አይጠበቅበትም፤ ፈርሞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ያን ሰሞን የሠፈሩ እናቶች ዋስ ፍለጋ ወጡ። ከሁሉም የቀናት ግን በራሷ የሄደችው ሚራክል ናት። ሚራክል ስድስት ዓመቷ ነው፤ እናቷ መንገድ ዳር ቲማቲም ትሸጣለች፤ የሚኖሩት ከሙህዲን ሱቅ ጀርባ ነው። ሙህዲን ከስልጤ የመጣ ነጋዴ ሲሆን፣ ወደ ማረሚያ ቤቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ለጠያቂዎች ሳሙና፣ በሶና ፌስታል ያቀርባል። ልጅቷ ባንኮኒው ላይ አገጯን አሳርፋ፣

«ጋሼ ሙህዲን፣ ዋስ አለ?» አለችው።

«የምን ዋስ?»

«የታብሌት።»

ሙህዲን መደርደሪያውን አየ። ለገዛ አጎቱ ልጅ ለታጁ እንኳ ዋስ አልሆንም ያለ ሰው ነው። ነገር ግን ሱቁ ቆሞ የተጠየቀውን ዕቃ «የለም» ማለት አይሆንለትም፤ የሌለውን እንኳ «ነገ ይገባል» ነው የሚለው።

«አለ» አላት።

በመጀመሪያው ቅዳሜ አሥራ ሁለት ልጆችና አሥራ ሁለት ዋሶች ገቡ። ወንበሮቹ የልጆች ስለሆኑ ዋሶቹ ጉልበታቸው ጆሯቸው ጋ ደርሶ ተቀመጡ። ከሙህዲን ቀጥሎ ለእህቱ ልጅ ዋስ የሆነው የማረሚያ ቤት ጥበቃው ሳጅን ሰይፈሥላሴ አለ፤ ከሱ ቀጥሎ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛዋ እትዬ አደሴ ከልጅ ልጃቸው ከሮቤራ ጋር።

«ቀስ! ቀስ በል እንጂ!» ይላሉ እትዬ አደሴ። «እጅህን ታጥበሃል? አሳየኝ እስቲ። ይቺ ምንድን ናት? ወጥ ናት? አምጣው፣ እኔ ልያዝልህ።»

አሥራ ሁለቱም ዋሶች ይዘውላቸው ነበር። ልጆቹ በዋሶቹ ክንድ ሥር አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ታብሌቷ በቀጭን የሴት ድምፅ፣ «ሀ የቱ ነው? ንካው» ትላለች። ሙህዲን ሚራክል እንዳትቧጭርበት ፈርቶ ራሱ ነካው።

«ጎበዝ!» አለችው ታብሌቷ፤ አንዲት ቢጫ ኮከብም እየተሽከረከረች ወጣች።

ሙህዲን ማን እንዳለው ለማወቅ ዞር ብሎ አየ። ሱቅ ከከፈተ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ይመጣበታል፤ ጎበዝ ያለው ግን አልነበረም። ቀስ ብሎ ለ የቱ እንደሆነም ነካ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ዋሶቹ ከልጆቹ ቀድመው መምጣት ጀመሩ። ሳጅን ሰይፈሥላሴ ተረኛነቱን ከባልደረባው ጋር ተቀያየረ። ሙህዲን በሳምንቱ ጠያቂ የሚበዛበትን የቅዳሜ ጠዋት ሱቁን ዘግቶ «ለዋስትና ሄጃለሁ» የሚል ካርቶን በሩ ላይ አንጠለጠለ።

«ሳጅን፣ ስንት ኮከብ ደረስክ?» ይላሉ እትዬ አደሴ ከታብሌታቸው ቀና ሳይሉ።

«እኔ ምን አውቃለሁ? የልጅቷ ነው እንጂ የኔ ነው እንዴ?»

«እሺ፣ የልጅቷ ስንት ደረሰ?»

«መቶ አርባ ሁለት።»

«ውሸት! ባለፈው ቅዳሜ መቶ ሃያ አልነበርክም?»

«ጠዋት እሷን ስጠብቅ ትንሽ ጨማመርኩላት።»

አንድ ቅዳሜ ሙህዲን ብቻውን መጣ።

«ሚራክልስ?» አለችው አሰጋሽ።

«ጉንፋን ይዟታል፣ እትዬ። ተኝታለች።»

«ታዲያ አንተ ምን ልታደርግ መጣህ?»

«እሷ ናት የታመመችው፤ ዋስትናው አልታመመም እኮ» አለና ታብሌቷ ያለችበት ቁም ሣጥን አጠገብ ተሰልፎ ቆመ።

ልጆቹ ግን የሰው ክንድ ሥር ሆኖ ማየት ሰለቻቸው። አንድ በአንድ እየሾለኩ ወደ ክፍሉ ጥግ፣ አሰጋሽ ወደተቀመጠችበት ምንጣፍ ሄዱ። እዚያ ሽፋናቸው የወለቀ ሰባት መጻሕፍት አሉ፤ ከዚህ ሌላ አሰጋሽ ከየቦታው የምትለቅመው የብስኩት ካርቶን፣ ያለፈ ዓመት ካላንደር፣ የመድኃኒት መመሪያ፣ የሠርግ ጥሪ አለ። ከመጻሕፍቱ አንዱ ስለጠፋች ፍየል ሲሆን የመጨረሻው ገጽ ተገንጥሎ የለም፤ ልጆቹ ፍየሏን በየሳምንቱ አዲስ ቦታ ያገኟታል። አንዴ ባቡር ጣቢያ አገኟት፤ አንዴ ደግሞ ሮቤራ ቀበሌ መታወቂያ ልታወጣ ተሰልፋ አየኋት አለ። ንባቡ ሥርዓት አለው። አንዱ ይጀምራል፤ ሌሎቹ ይከተላሉ፤ ገጹን የሚገልጠው ጽሑፉን ያመጣው ትልቅ ሰው ነው። የሚያነቡት ነገር ገባቸው አልገባቸው ደንታ የላቸውም። «ከምግብ በኋላ በቀን ሦስት ጊዜ ይወሰድ» የሚለውን በዜማ ይሉታል።

አሰጋሽ ይህን ሁሉ እያየች ዝም አለች። ዝም ያለችበት ምክንያት ሪፖርቱ ነው። ታብሌቶቹ የእያንዳንዱን ልጅ ኮከብ ራሳቸው ይቆጥራሉ፤ እሷ ወር በወር ቁጥሩን ገልብጣ ትልካለች። ሚራክል በአራት መቶ አሥራ አምስት ኮከብ ከሁሉም አንደኛ ናት፤ ታብሌት ግን በጣቷ ነክታ አታውቅም። «ሕጻናቱ በከፍተኛ ተነሣሽነት እየተጠቀሙበት ይገኛሉ» ብላ አሰጋሽ በጻፈች ቁጥር፣ «ሕጻናቱ» የምትለዋን ቃል እስክሪብቶዋን ሳትጫን ነው የምትጽፋት።

በሰኔ መጀመሪያ፣ ረቡዕ ቀን፣ ካሳሁን ደብዳቤ ይዞ መጣ። ፊቱ በርቷል፤ በደረት ኪሱም ሜትር ነበረች።

«ወይዘሮ አሰጋሽ፣ ቅዳሜ ከክፍለ ከተማ ለጉብኝት ይመጣሉ። ፕሮግራሙ ውጤት ማምጣቱ ካልታየ ታብሌቶቹ ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳሉ። ክፍሉም…»

«ለባለቤቱ ይመለሳል።»

«እርስዎ ነዎት ያሉት።»

አሰጋሽ ዓርብ ከሰዓት ዋሶቹን ከነልጆቹ ሰበሰበች።

«ነገ አንድ ቀን ብቻ፣ ታብሌቱን ልጆቹ ይያዙት» አለች።

ሳጅን ጣሪያውን አየ።

«እኛስ?» አለ ሙህዲን።

«እናንተማ ዋስ ናችሁ። ከኋላ ትቆማላችሁ።»

«እሱስ ልክ ነው፣ እትዬ። ግን ልጅቷ አሁን ደረጃ ስምንት ላይ ናት። ብታበላሽብኝስ?»

«ብታበላሽብህ?»

«ብታበላሽባት ማለቴ ነው።»

«ለመሆኑ ልጆቹ አከፋፈቱን ያውቁታል?» አለ ሳጅን።

እትዬ አደሴ ወደ ሮቤራ ዞረው፣ «አንተ ልጅ፣ ና አሁን ላሳይህ» አሉት። ሮቤራ ፍየሏን ገና እንዳልጨረሰ ነገራቸው።

«አትክፈቱት በቃ» አለቻቸው አሰጋሽ ልጆቹን በመጨረሻ። «ጣታችሁን እላዩ ላይ ወዲያ ወዲህ አድርጉ። ፎቶ ላይ አይታወቅም።» ይህን ስትል ጆሮዋ ጋላት። ነገር ግን ከመስኮቱ ውጭ ሸራውን የለበሱት ወንበሮች ይታዩዋት ነበር።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ከክፍለ ከተማው አቶ ፍቅርተማርያም ከፎቶ አንሺ ጋር መጡ። ካሳሁን ከኋላ ከኋላ ይከተላል። አሥራ ሁለቱ ልጆች በረድፍ ተቀምጠው ታብሌቶቹን ውኃ እንደሞላ ሣህን ቀጥ አድርገው ይዘዋል። ጣቶቻቸው በጠቆረው መስታወት ላይ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ከእያንዳንዱ ልጅ ኋላ አንድ ዋስ ቆሟል። ሳጅን እጁን ወደኋላ አጣምሯል። ሙህዲን እጁን ኪሱ ከቷል፤ ኪሱ ውስጥ አውራ ጣቱ አላርፍ ብላለች።

«ግሩም ነው! ግሩም ነው!» አሉ አቶ ፍቅርተማርያም። «ቴክኖሎጂ ማለት ይኼ ነው! ልጆች፣ በርቱ! አንሣ፣ አንሣ» አሉት ፎቶ አንሺውን።

አሰጋሽ ጥያቄ ትጠብቅ ነበር። «አንቺ፣ እስቲ አሳዪኝ» የሚሉበትን ሰዓት ፈርታ ሌሊቱን መልስ ስታዘጋጅ አድራለች፤ ባትሪው አልቋል፣ መብራት ጠፍቶ ነበር፣ ልጅቷ ሰው ትፈራለች። አንዱም አላስፈለገም። አቶ ፍቅርተማርያም ልጆቹን አልፈው ግድግዳውን አዩ፤ ቀጥሎ ጣሪያውን አዩ።

«ስፋቱ ምን ያህል ነው?»

«ስድስት በስምንት፣ ጌታዬ» አለ ካሳሁን። «ደረቅ ነው። ፀሐይም አያገኘውም።»

በጉብኝቱ ሁሉ የተጠየቀው ጥያቄ ይህ ብቻ ነበር። አሰጋሽ ሰው ልጆች ለሚያነቡበት ክፍል «ደረቅ ነው» ሲል ሰምታ አታውቅም። ነገሩን ልብ ብላ ሳትጨርስ አቶ ፍቅርተማርያም ከፎልደራቸው ወረቀት አወጡ፤ በክፍሉ ያለው የልጆች ጠረጴዛ ብቻ ስለሆነ ወገባቸውን ሰብረው እሱ ላይ አስቀመጡት። ሁለተኛውን ገጽ ከሥሩ ገለጥ አድርገው፣

«ወይዘሮ አሰጋሽ፣ እዚህ ጋ ብቻ ይፈርሙልኝ። ከጎኑ ማህተም። ፎርማሊቲ ነው እንጂ እኛ በጣም ተደስተናል» አሉ።

ካሳሁን እስክሪብቶ አቀበላት። አሰጋሽ ተደስተናል የሚለውን ቃል ሰምታ ትከሻዋ ወረደ፤ ክፍሉ ተረፈ ማለት ነው። ማህተሙን ልታወጣ ወደ መሳቢያዋ ዞረች።

ሚራክል በበኩሏ የጠቆረ መስታወት ማሻሸት ታክቷታል። ጠረጴዛው ላይ አዲስ የሚነበብ ነገር መጥቷል። ታብሌቷን ወደኋላ ሳታይ ለሙህዲን አቀበለችው፤ ሙህዲንም ሳያስበው ተቀበለ። አውራ ጣቱ የምትሄድበትን ታውቃለች፤ ተጫነች፤ መስታወቱ በራ።

«ሰላም፣ ሚራክል!» አለችው ታብሌቷ።

«ሰላም» አለ ሙህዲን፣ ከልማድ የተነሣ።

ሰው ሁሉ ወደ ሙህዲን ዞረ። ሚራክል ግን እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋ ጀምራ ነበር።

«የ… ጉ… ብኝት… ሪ… ፖርት» አለች ጣቷን እያስከተለች። «ቀን። ሰኔ ሁለት።» ቀና አለች። «ዛሬ ሁለት ነው እንዴ?»

«ሰባት ነው» አለ ሳጅን ሰይፈሥላሴ፤ በሥራው ቀን ተሳስቶ አያውቅም።

አቶ ፍቅርተማርያም እጃቸውን ወደ ወረቀቱ ዘረጉ፤ ሮቤራ ግን ታብሌቱን መሬት አስቀምጦ በመካከል ገብቷል። ሌሎቹም ታብሌቶቻቸውን ለየዋሶቻቸው እያስታቀፉ መጡ። ንባብ ሲጀመር ክብ መሥራት ለምደዋል፤ ጠረጴዛው በልጆች ጭንቅላት ተሸፈነ። አሰጋሽ ማህተሙን እንደያዘች ቆመች።

«በ-አካል… ተገኝተን… እንዳየነው» አለች ሚራክል።

«እንዳየነው» አሉ አሥራ አንዱ።

«ሕጻናቱ… እስካሁን… ማንበብ… ያልቻሉ… በመሆኑ።»

«ያልቻሉ በመሆኑ!» አሉ፤ የዓረፍተ ነገሩ ዜማ ጥሟቸዋል።

«ታብሌቶቹ… ወደ ሌላ ወረዳ… እንዲዛወሩ።»

እትዬ አደሴ ከመሬት አንሥተው የታቀፉትን ታብሌት ወደ ደረታቸው ጠጋ አደረጉት። ካሳሁን ወደ መስኮቱ ዞሮ ሸራውን አየ።

«ክፍሉም… ለወንበር… ማ-ከ-ማ-ቻ-ነት» — ይህችኛዋ ረዘመችባት፤ ተመልሳ አንድ ላይ አለቻት — «ማከማቻነት… እንዲመለስ… ወስነናል።»

«ወስነናል!»

አራት ነጥብ ላይ ደረሱ። ልጆቹ የገጹ ግርጌ ላይ ሲደርሱ እንደሚያደርጉት ጣታቸውን ከወረቀቱ አንሥተው ጠበቁ። ሚራክል ጽሑፉን ያመጣው ማን እንደሆነ አይታለች። ቀና ብላ አቶ ፍቅርተማርያምን ተመለከተቻቸው።

«ጋሼ» አለች፣ «ጨርሰናል። ይግለጡልን።»

አቶ ፍቅርተማርያም ወደ አሰጋሽ አዩ፤ ወደ ካሳሁን አዩ፤ ታብሌት ወደታቀፉት አሥራ ሁለት ዋሶች አዩ። ከዚያም ወገባቸውን ሰብረው ገጹን ገለጡላቸው።